ካርቡሬተሩን ከመፍታታችሁ በፊት

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከድሬዳዋ፣ ከገንደ ቆሬ ነው። በምድር ባቡር ወርክሾፕ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደጃፌ ላይ የሰፈሩን ሞተር ሳይክል እጠግናለሁ። ጉዳዬ ተኩስ ነው። አትደንግጡ፣ የሞተር ሳይክል ማርሚታ፣ ማለትም የጭስ ማውጫው ቧንቧ ተኩስ ነው።

ድሬ ከሰዓት በኋላ ምን እንደምትመስል የሚያውቅ ያውቃል። ሱቅ ይዘጋል። ግማሹ ጥላ ፈልጎ ጋደም ይላል፣ ግማሹ በርጫው ላይ ነው። ልክ በዚያ ሰዓት አንዱ ከሳቢያን በኩል እየበረረ ይመጣና መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ጧ! ጧ! ጧ! ሕፃን ይነቃል፣ ሽማግሌ ይራገማል። «ወርያ! አንተ ዱርዬ!» የማይል የለም። እኔ ግን ለልጆቹ ጠበቃ ልቁም። አብዛኞቹ ሆን ብለው አይደለም። ሞተራቸው ታሞ ነው። የሚያናድደኝ ደግሞ ሊያሳክሙት ሲወስዱት መጀመሪያ የሚፈታው አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው ካርቡሬተሩ መሆኑ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነዳጅ መስጫውን ድንገት ስትመልሰው ሞተሩ ገና በፍጥነት እየዞረ ነው። የሚገባለት አየርና ቤንዚን ግን በጣም አነሰ። እንዲህ የሳሳ ድብልቅ በደንብ አይቀጣጠልም። ስለዚህ ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ማርሚታው ያመልጣል። ማርሚታው ግሏል። እዚያ ንጹህ አየር ካገኘ እዚያው ይፈነዳል። የምንሰማው ይህን ነው። ቁልቁለት ላይ አልፎ አልፎ ትንሽ ቢንጣጣ ብዙ አያሳስብም። በየመታጠፊያው ከተኮሰ ግን ምክንያት አለው።

ታዲያ አየሩ ከየት መጣ? አብዛኛውን ጊዜ ቧንቧው ከሞተሩ ራስ ጋር ከሚጋጠምበት ቦታ ነው። እዚያ መጋጠሚያውን የምታሽግ አንዲት ቀለበት ጓርኒሲዮን አለች። ስታረጅ ትቃጠላለች፣ ትሰባበራለች። ጭሱ በግፊት ይወጣል፣ ወዲያው ደግሞ ለቅጽበት ግፊቱ ስለሚወርድ አየር ከውጭ ወደ ውስጥ ይሳባል። በሐረር መንገድ የምትሠራ አንዲት ነርስ በቅርቡ መጥታ ነበር። አንድ ጋራዥ አዲስ ካርቡሬተር አስገዝቷታል። ተኩሱ አልቆመም። ቀጥሎ ማርሚታ ግዢ ብለዋታል። እኔ ጎንበስ ብዬ ሳይ መጋጠሚያው ዙሪያ ጥቀርሻ ተለቅልቋል። ጥቀርሻ ካለ ጭስ እየወጣ ነው፣ ጭስ ከወጣ አየር ይገባል። ቀለበቷን ቀየርን፣ ዝም አለ። ካርቡሬተሩን ማን ይመልስላት?

ይህን ለማወቅ መካኒክ አያስፈልግም። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ መጋጠሚያውን የሳሙና ውሃ ቀቡትና አስነሱ። ወፍራም ጨርቅ ይዛችሁ የማርሚታውን ጫፍ ለጥቂት ሰከንድ ያዝ አድርጉ። አረፋ ከተነሳ ወይም «ፍስስ» ካለ አገኛችሁት። ስትቀይሩ አሮጌዋን መልሳችሁ አትግጠሙ፤ አንዴ ከተጨፈለቀች አበቃላት። ብሎኖቹን ግራና ቀኝ እያፈራረቃችሁ ቀስ በቀስ አጥብቁ። ጉልበተኛ ልጅ ካጠበቀው የሞተሩ ራስ አሉሚኒየም ስለሆነ ጥርሱ ይበላል፤ ያኔ ወጪው ሌላ ነው።

ቀለበቷ ደህና ከሆነች ካርቡሬተሩን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘውን ጎማ እጠፍ እያደረጋችሁ እዩት። ከተሰነጠቀ አየር ይሰርቃል፣ ድብልቁም ይሳሳል። ድብልቁን የሚለኩሰውን ካንዴላም ፈታችሁ እዩ። ጫፉ ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል። ጥቁር ጥላሸት ከሆነ በዝቶበታል። የቡና መልክ ካለው ተዉት።

ቤንዚን ሲጠፋ በሃይላንድ የሚሸጠውን የምትቀዱ ደግሞ ስሙኝ። ውሃውም አቧራውም አብሮ ይገባል። የካርቡሬተሩ ዝቅተኛ ዙር ቀዳዳ ከመርፌ ቀዳዳ አይበልጥም፣ በትንሽ ቆሻሻ ይደፈናል። ያኔ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ምንም አይልም፣ ነዳጅ ስትመልሱ ይተኩሳል። ይህ ሲሆን ካርቡሬተሩ ይፈታ፣ አልከለክልም። ግን በአየር ይነፋ እንጂ በሽቦ አይጎርጎር። ሽቦ ቀዳዳውን ያሰፋዋል።

ሐረር ላይ የተስተካከለ ሞተር ድሬ ወርዶ ሲተኩስም አይቻለሁ። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ነው፣ ድሬ 1,200 ገደማ። በዚህ ልዩነት የአየሩ ግፊት በመቶ 8 ያህል ይለያያል። ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑ የበዛ ይመስላል፣ መካኒኩም ይቀንሳል። ልጁ የደንገጎን ቁልቁለት ወርዶ ድሬ ሲገባ አየሩ ወፈረ፣ ቤንዚኑ አነሰ። የድሬ ሙቀት ጥቂት ያካክሰዋል፣ ሁሉንም ግን አይደለም። የካርቡሬተሩን ማስተካከያ ብሎን በካቻቢቴ ትንሽ ማዞር ይበቃል። ብሎኗ ወደ ሞተሩ በኩል ካለች ስትፈቷት ቤንዚን ይጨምራል። ወደ አየር ማጣሪያው በኩል ካለች ስትፈቷት አየር ይጨምራል። ይህን ሳያዩ የሚያዞሩ አሉ። በካርቡሬተር ፈንታ ኢንጄክሽን ያላቸው አዳዲሶቹ ሌላ ጉዳይ ናቸው፤ የማወራው ደጃፌ ስለሚመጡት ነው።

ደንገጎን ካነሳሁ አይቀር፣ ቤንዚን ለመቆጠብ ብላችሁ ቁልቁለቱን ቁልፍ አጥፍታችሁ የምትወርዱ ልጆች ምንም አትቆጥቡም። ማርሽ ውስጥ ከሆነ ሞተሩ እየዞረ ነው፣ ካርቡሬተሩም ቤንዚን እያጠጣው ነው። የማይቃጠለው ሁሉ ማርሚታው ውስጥ ይጠራቀማል። ታች ደርሳችሁ ቁልፉን ስትከፍቱ እንደ ቦምብ ይጮኻል። በዚህ የተቀደደ ማርሚታ በይጄ አስበይጄ አውቃለሁ። ያንኑ ከዚራ መሃል ሆን ብላችሁ የምታደርጉት፣ ማርሚታውንም ሆዱን አስቦርቡራችሁ የምትነዱ፣ ለእናንተ ጠበቃ አልቆምም። ሽማግሌው እንደፈለገ ይራገማችሁ።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልቆመ የጭስ ማውጫውን ቫልቭ ክፍተት አስለኩ። ከጠበበ ቫልቩ በደንብ አይዘጋም፣ እየቆየ ይቃጠላል። ልኩ በትንንሽ ሞተሮች የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ወይም ከዚያ በታች ስለሆነ በግምት አይሠራም። የሞተሩን መጽሐፍ አይቶ በመለኪያ ለሚሠራ ስጡት። ድሬ በ1902 እ.ኤ.አ. ባቡር ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ መለኪያ የሚያነብ ሰው አይጠፋባትም።

አንድ ነገር ለመለዋወጫ ነጋዴዎች። ያቺን ቀለበት ለብቻዋ አምጡልን። አሁን የምናገኘው ከሙሉው የጓርኒሲዮን ስብስብ ጋር ነው፣ ሌላው መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል። ለብቻዋ የሚሸጥ ካለ በጋዜጣችሁ ያሳውቀን፣ ደንበኞቼን ሁሉ እልክለታለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የቀድሞ የምድር ባቡር ሠራተኛ፣ ድሬዳዋ