ለደንበኞቻችን፦ በቤት ውስጥ አምፕሊፋየር ላይ ስለሚሰማው ጉምጉምታ

ክቡራን ደንበኞቻችን፣

ሙዚቃ ሲከፈት ከሥሩ ሳያቋርጥ የሚያጉረመርም ድምፅ ስላስቸገራችሁ አምፕሊፋየራችሁን ተሸክማችሁ ወደ ሱቃችን የምትመጡ ብዙ ናችሁ። ከእነዚህ ዕቃዎች አንዳንዶቹ እኛ ጋ ሲከፈቱ ጥርት ያለ ድምፅ ያወጣሉ፤ ችግሩ ዕቃው ላይ ሳይሆን ቤት ውስጥ በተያያዘበት መስመር ላይ ነውና። ላልተበላሸ ዕቃ ገንዘብና ጊዜ እንዳታባክኑ ስንል ይህን ደብዳቤ ጽፈንላችኋል።

በመጀመሪያ የድምፅ መጨመሪያውን እስከ መጨረሻው ቀንሱት። ጉምጉምታው እንደነበረ ከቀጠለ መንስኤው በአብዛኛው አምፕሊፋየሩ ውስጥ ነው፤ በተለይ ብዙ ዓመት ባገለገሉት ላይ ኤሌክትሪኩን የሚያጣሩት ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ስለሚደክሙ የ100 ኸርዝ ጉምጉምታ ወደ ስፒከሩ ያልፋል። እንዲህ ያለውን አምጡልን፤ ሥራው የእኛ ነው። ጉምጉምታው ከሙዚቃው ጋር አብሮ የሚጨምርና የሚቀንስ ከሆነ ግን ከውጭ የገባ ነው።

ከውጭ ከሚገባው ሁሉ ደጋግሞ የሚያጋጥመን በዲሽ ገመድ በኩል የሚመጣው ነው። አንድ ደንበኛችን ያንኑ አምፕሊፋየር ሁለት ጊዜ አመጡልን፤ ሁለቱንም ጊዜ እንከን አላገኘንበትም። በመጨረሻ ቤታቸው ሄደን ከሪሲቨሩ ጀርባ የታሰረውን የዲሽ ገመድ ፈትተን ስናላቅቀው ጉምጉምታው ወዲያው ጠፋ፤ መልሰን ጫፉን ብቻ ስናስነካው ተመለሰ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ዲሹ በጣሪያው ብረት በኩል ከመሬት ጋር ይገናኛል፣ አምፕሊፋየሩም በስፒናው የግራውንድ መስመር በኩል እንዲሁ። በሁለቱ መካከል ትንሽ የቮልቴጅ ልዩነት ካለ፣ የቤታችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ በመሆኑ የዚያው ድግግሞሽ ያለው ከረንት ከሪሲቨሩ ወደ አምፕሊፋየሩ በሚሄደው የድምፅ ገመድ መሸፈኛ ሽቦ ላይ ይሄዳል፤ አምፕሊፋየሩም ከሙዚቃው ለይቶ ስለማያውቀው አብሮ ያጎላዋል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ሪሲቨሩ ወይም ቴሌቪዥኑ የኦፕቲካል መውጫ፣ አምፕሊፋየሩም መግቢያው ካለው ድምፁን በዚያ ገመድ አገናኙት፤ በውስጡ የሚያልፈው ብርሃን ስለሆነ ከረንት አይሻገርበትም። ከሌለው በድምፅ ገመዱ መካከል የሚገባ ትንሽ መለያ ትራንስፎርመር ይበቃል። መለያውን በዲሹ ገመድ ላይ ማድረግን ግን አንመክርም፤ የተለመዱት ዓይነቶች ለኤልኤንቢው (ከዲሹ ፊት ለፊት ያለው ሲግናል ተቀባይ) የሚሄደውን ኃይል ስለሚቆርጡ ጣቢያው ይጠፋል።

እዚህ ላይ አጥብቀን የምንለምናችሁ ነገር አለ። ጉምጉምታውን ለማጥፋት የስፒናውን የግራውንድ ሽቦ የሚቆርጡ፣ ወይም ግራውንድ በሌለው አዳፕተር የሚሰኩ ሰዎች አሉ። ድምፁ በእርግጥ ሊጠፋ ይችላል፤ ነገር ግን በአምፕሊፋየሩ ውስጥ አንድ ሽቦ ተላቆ የብረት አካሉን የነካ ዕለት 220 ቮልቱ የሚጠብቀው የሚነካውን ሰው፣ ምናልባትም ልጃችሁን ነው። ዕቃውን ስትነኩት የሚነዝራችሁ ከሆነ ነቅላችሁ የቤቱን ግራውንድ በኤሌክትሪክ ባለሙያ አስፈትሹ።

ሌሎቹን ምንጮች አንድ በአንድ እየነቀላችሁ በቀላሉ ታገኟቸዋላችሁ፤ ርካሽ የስልክ ቻርጀር፣ አንዳንድ የኤል ኢ ዲ አምፖል፣ ከአምፕሊፋየሩ ጋር በጃክ የተያያዘ ላፕቶፕ ቻርጀሩ እንደተሰካ፣ ወይም መብራት ሲጠፋ የምትጠቀሙበት ኢንቨርተር ሊሆን ይችላል። ስፒከሩ ከጥሪ በፊት ትር ትር የሚል ከሆነ አጠገቡ ያለውን ሞባይል አርቁት። ፍሪጅ ሲነሳና ሲቆም፣ ወይም ምጣድ ተሰክቶ ቮልቴጁ ሲወርድ ስታብላይዘሩ በቀየረ ቁጥር የሚሰማው ቀጭታ አምፕሊፋየሩን በሌላ መስመር ላይ በመሰካት ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። የድምፅ ገመዱንም ከኃይል ገመዶች ጋር አብራችሁ አትጠቅልሉት፤ መተላለፍ ካለባቸው መስቀለኛ ይተላለፉ።

ይህን ሁሉ ሞክራችሁ ካልተሳካላችሁ፣ የትኛው ሲነቀል ድምፁ እንደቀነሰ በወረቀት ጽፋችሁ ከአምፕሊፋየሩ ጋር አምጡልን፤ ከየት እንደምንጀምር የሚነግረን እሱ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የጥገና ክፍሉ ባልደረቦች