ሳይለካ የሚወርድ ሞተር፣ ሳይመረመር የሚገዛ ሞተር

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፦

ጤና ይስጥልን። ክረምቱ ወጥቶ የአዴት ጤፍ፣ የቡሬ በቆሎና የአዊ ድንች መጫን ሲጀምር የፒክአፕ ሞተር የሚሞትበት ወራትም አብሮ ይገባል። ከአባይ በረሃ ወደ ደጀን በሚያወጣው ዳገት ላይ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ራዲያተሩ እየፈላ የቆመ የድሮ ሂሉክስ ያላየ መንገደኛ የለም። ሞተሩ ገና ሳይቀዘቅዝ ምክር ይጎርፋል። አንዱ «አውርደው» (ፈትተህ አሠራው) ይላል፣ ሌላው «ጊዜህን አታጥፋ፣ ያገለገለ ሞተር ግዛ» ይላል፣ ሌላው ደግሞ «እንዳለ ሽጠው»። ሦስቱም በየቦታቸው ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። የሚያሳዝነን አንድም ነገር ሳይለካ መነገራቸው ነው። ባለንብረቱም የሚሰማው ቁጥር ስለሌለ ድምፁ ከፍ ያለውን ሰው ይከተላል። ይህ ገንዘብ የቤተሰብ ጥሪት ስለሆነ ዝም ብለን ማለፍ አልቻልንም።

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ ዛሬ የተጻፈው ነገ ስለማይሠራ እዚህ ዋጋ አንጽፍም፤ የምንጽፈው ልኬት ነው። ቁጥሮቹ በአካባቢያችን ለበዙት ቱርቦ የሌላቸው የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች ናቸው፦ 2ኤል (2,446 ሲሲ)፣ 3ኤል (2,779 ሲሲ) እና 5ኤል (2,986 ሲሲ)። የኢሱዙ ወይም የሚትሱቢሺ ባለቤት አካሄዱን ይከተል፣ ቁጥሩን ግን ከራሱ ሞተር መመሪያ ይውሰድ።

መጀመሪያ፣ ሞተሩ ሞቆ ከቆመ እንደገና ለማስነሳት አትታገሉ፤ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃም አትድፉ፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ይሰነጠቃል። ከቀዘቀዘ በኋላ «ነክሷል» (ተጣብቆ አልዞር ብሏል) የተባለውን ሞተር ሁሉ አትመኑ። አራቱን ካንዴሌታዎች፣ ማለትም ጠዋት ሞተሩን የሚያሞቁትን፣ ፍቱና ክራንክሻፍቱን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን የታችኛውን ዘንግ) ፊት ለፊት ካለው ፑሊ ላይ በቁልፍ በእጅ አዙሩት። በአንዱ ቀዳዳ ውሃ ፊጭ ብሎ ከወጣ ሞተሩ አልነከሰም፤ ጓርኒሲዮኑ (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) ተቃጥሎ ወይም ቴስታታው ተሰንጥቆ ሲሊንደሩ ውሃ ሞልቶበታል። ውሃ ስለማይታመቅ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚወጣ የሚወርደውን ፒስተን ያቆመዋል። ይህን ሳያዩ በሞተሪኖ (በማስነሻው) ደጋግሞ መምታት ቢዬላ (ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ የሚያገናኘውን ዘንግ) ያጣምማል፣ የቴስታታ ብቻ የነበረው ሥራ ያን ጊዜ የሙሉ ሞተር ይሆናል።

ቀጥሎ ዘይቱን በንጹሕ ሳፋ አውርዱት። ወተት እንደገባበት ቡና ከነጣ ውሃ ገብቶበታል። ሳፋውን ፀሐይ ላይ ዘንበል አድርጋችሁ ስታዩት ከታች የሚያብለጨልጭ ብናኝ ካለ ብሮንዙ (ክራንክሻፍቱ የሚዞርበት ማቀፊያ) እየተበላ ነው፤ ብናኙ ወደ መዳብ ቀለም ካደላ ብሮንዙ ከላይኛው ለስላሳ ሽፋን አልፎ ተበልቷል ማለት ነው፣ ክራንክሻፍቱም ሳይጫር አይቀርም። የዘይት ፊልትሮውንም በመጋዝ ቁረጡትና ወረቀቱን እንደ አኮርዲዮን ዘርጉት። ሳፋው ላይ ያልታየው እዚያ ይታያል። ይህ ሁሉ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

አሁን ወደ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሩ አየር ሲያምቅ ወደሚፈጥረው ግፊት፣ ልኬት እንምጣ፤ በእኛ አገር ብዙ ደህና ሞተር የሚፈረድበት እዚህ ላይ ነው። የእነዚህ ሞተሮች መመሪያ ለአዲስ 32 ኪሎ በካሬ ሴንቲሜትር፣ ለመጨረሻው ዝቅተኛ ደግሞ 20 ይላል። ቁጥሩ ግን ለባሕር ወለል የተጻፈ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ናት፣ አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ደብረ ማርቆስ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ሩብ ያህሉ የለም። ሲሊንደሩ የሚያምቀው ያገኘውን አየር ስለሆነ፣ አዲስ ሞተር እንኳ ደብረ ማርቆስ ላይ ከ24 ብዙ አያልፍም፣ ዝቅተኛው ወሰንም ወደ 15 ይወርዳል። ባሕር ዳር ላይ 26 እና 16 በሉት። መካኒኩ 19 አንብቦ «ከ20 በታች ነው፣ አልቋል» ካላችሁ ከፍታውን አላሰበም። ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው በአራቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ መመሪያው እስከ 5 ይፈቅዳል፣ እኛ ከፍታ ላይ ከ4 ባይበልጥ እንመክራለን። አራቱም 18 ከሆኑ ሞተሩ እኩል ያረጀ ነው፣ ገና ይሠራል። ሦስቱ 22 ሆነው አንዱ 11 ከሆነ ግን ችግሩ አንድ ቦታ ነው።

ለመለካት ሞተሩ ሞቅ ያለ፣ ባትሪው የሞላ፣ አራቱም ካንዴሌታዎች የወጡ፣ የናፍጣ ፖምፓው የማቆሚያ ገመድ የተነቀለ ይሁን። ዝቅ ያለውን ሲሊንደር ከፋሻ (ከፒስተኑ ቀለበት) ወይም ከቫልቭ ለመለየት ዘይት ጠብ ይደረግበታል። በናፍጣ ሞተር ግን ልክ አለው። 3ኤል ላይ ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ የሚቀረው ክፍተት 33 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ ነው፣ ከግማሽ ሲኒ ቡና አይበልጥም። ብዙ ዘይት ከገባ ክፍተቱን ራሱ ይሞላና ያለቀውን ሞተር አዲስ ያስመስለዋል፤ ከመጠን ካለፈም እንደ ውሃው ቢዬላ ያጣምማል። አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻው ነው፣ ካልተነቃነቀ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን ነው።

ጉዳቱ ከላይ ብቻ ከሆነ፣ ማለትም ዘይቱ ውስጥ ብናኝ ከሌለና ፋሻው ደህና ከሆነ፣ ሞተር መግዛት ኪሳራ ነው። ቴስታታውን አውርዱ። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ አግድምና ሰያፍ አስቀምጣችሁ ፊለር ጌጅ (ስስ የክፍተት መለኪያ) ከሥሩ አስገቡ። 0.20 ሚሊሜትር ከገባ ቴስታታው ከወሰን ወጥቷል። ስንጥቅ በሁለቱ ቫልቮች መካከል ይፈለጋል፤ በዓይን ብቻ አይበቃም፣ ሬክቲፊካ ቤት (የሞተር ክፍሎች የሚላጉበት ቤት) በሙቅ ውሃ ውስጥ በአየር ግፊት ይፈተን። ቴስታታው በተላገ ቁጥር ቫልቩ ወደ ፒስተኑ ይጠጋል፣ ስለዚህ «ትንሽ ጨምረህ ላገው» የሚባል ነገር የለም።

ከዚህ ሥራ ሁሉ የሚዘለለው የጓርኒሲዮኑ ፊደል ነው። በእነዚህ ሞተሮች ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ከሞኖብሎኩ (ሲሊንደሮቹ ካሉበት የሞተር አካል) ወለል በላይ ብቅ ይላል፣ ብቅታውም በዳያል ጌጅ ይለካል። ከ0.68 እስከ 0.77 ሚሊሜትር ከሆነ ቢ፣ ከ0.78 እስከ 0.87 ዲ፣ ከ0.88 እስከ 0.97 ኤፍ የተጻፈበት ጓርኒሲዮን ይገዛል። ከአራቱ ፒስተኖች የሚታየው ከፍ ያለው ነው። ፊደሎቹ የውፍረት ልዩነት ናቸው፣ ከቢ ወደ ዲ፣ ከዲ ወደ ኤፍ በ0.10 ሚሊሜትር ይጨምራል። ሱቅ ገብቶ «የ3ኤል ጓርኒሲዮን ስጠኝ» ብቻ ማለት ከሦስቱ አንዱን በዕድል መውሰድ ነው። የቀጠነ ከሆነ ፒስተኑ ቴስታታውን ይመታል፤ የወፈረ ከሆነ ሞተሩ በእንጅባራ ብርድ ጠዋት አልነሳም ይላል፣ ነጭ ጭስም ያበዛል። ብሎኑም በግምት አይጠበቅም፦ ከመሐል ወደ ዳር በቅደም ተከተል 78 ኒውተን ሜትር፣ ከዚያ እያንዳንዱ 90 ዲግሪ፣ ከዚያ እንደገና 90 ዲግሪ። የቆዩት የ2ኤል ብሎኖች አጠባበቅ ከዚህ ስለሚለይ የራሳቸው መመሪያ ይታይ።

ጉዳቱ ወደ ታች ከወረደ የሚወስኑት ክራንክሻፍቱና ሲሊንደሩ ናቸው። ሲሊንደሩ ከላይ፣ ከመሐልና ከታች በሁለት አቅጣጫ ይለካ፤ መበላቱ ከ0.20 ሚሊሜትር ካለፈ አዲስ ፋሻ ብቻ ማስገባት ብክነት ነው፣ ሞተሩ ከጥቂት ወራት በኋላ ዘይት መብላቱን ይቀጥላል። ወይ ተቦርቡሮ 0.50 የጨመረ ፒስተን ይገባል፣ ወይ ካሚሻ (የሲሊንደሩ ውስጠኛ ሽፋን) ይቀየራል። ክራንክሻፍቱ 0.25 ወይም 0.50 ተልጎ ከዳነ ሞተሩን አድኑት። ከዚህ በፊት ተልጎ ያለቀ፣ የተጣመመ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ፣ አለያም ቢዬላ ሞኖብሎኩን በስቶ ከወጣ፣ ያን ጊዜ ያገለገለ ሞተር መፈለግ ተገቢ ነው።

እኛ እንደምናምነው ታሪኩ የሚታወቅ ሞኖብሎክ ከማይታወቅ ሞተር ይሻላል፤ ይህ ግን ሬክቲፊካ ቤቱ በማይክሮሜትር የሚሠራ ከሆነና ብሮንዙ፣ ፋሻውና ጓርኒሲዮኑ ኦርጅናል ከሆኑ ነው። በኮፒ ብሮንዝ የተሠራ ሞተር ከማንኛውም ያገለገለ ሞተር ያንሳል። ያገለገለ ሞተር የሚበልጥበት ጊዜ ላይ ነው፣ በሁለትና ሦስት ቀን ይገጠማል። በየቀኑ ጭኖ ለሚበላ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሞተር ስትገዙ መሬት ላይ እንዳለ ኮምፕሬሽኑ ይለካላችሁ፤ ሻጩ እንቢ ካለ ሂዱ። የቴስታታ ብሎኖቹ ጠርዝ የተላጠ ከሆነ ተከፍቷል። የውሃ መውጫውን ጎማ ነቅላችሁ ጣት አስገቡ፣ ዝገት እንደ ዱቄት ከወጣ በውስጡ ሙሉ ቆሻሻ ነው። አዲስ ቀለም የተቀባ ሞተር ከቆሸሸው የበለጠ ይመርመር። የፍሬን አጋዥ አየር የሚስበው ፖምፓ በነዚህ ሞተሮች ከዲናሞው ጀርባ ነው፤ ሞተሩ ያለ ዲናሞ ከተሸጠላችሁና የድሮው ካልገጠመ የአባይን ቁልቁለት በደረቀ ፍሬን ትወርዳላችሁ። የሞተር ቁጥሩ ሊብሬ ላይ ስላለ ከመግዛታችሁ በፊት የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑንና ደረሰኙን ያዙ፣ የተፋቀ ቁጥር ያለበትን አትንኩ።

በየትኛውም መንገድ ብትሄዱ የመጀመሪያውን ሞተር የገደለው ነገር ካልተገኘ ሁለተኛውም በዚያው ይሄዳል። ደብረ ማርቆስ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሞተሩን ከዚያ በላይ የሚያቆየው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ብቻ ነው፣ ስለዚህ ጎማው የደረቀ ክዳን በደጋ አገር ሞተር ገዳይ ነው። ራዲያተሩ ሞቅ ሲል በእጅ ይዳሰስ፣ ቀዝቃዛ ቦታ ካለ ተደፍኗል። ተርሞስታት (የውሃውን ሙቀት የሚቆጣጠረውን መክፈቻ) ማውጣት የተለመደ ጥፋት ነው፤ በብዙ ሞተሮች ሲወጣ የማለፊያው ቀዳዳ ክፍት ይቀርና ውሃው ግማሹ ራዲያተር ሳያይ ይመለሳል፣ ዳገት ላይ ይብሳል። በድስት የምትፈትኑም ልብ በሉ፦ 82 የተጻፈበት ተርሞስታት ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው 95 አካባቢ ነው፣ የደብረ ማርቆስ ድስት ደግሞ እዚያ አይደርስም። መከፈት ከጀመረ ደህና ነው፣ አትጣሉት።

ገዳዩ ፋሻ ያለጊዜው ማለቅ ከሆነ የአየር ፊልትሮው ቱቦ ይታይ፤ በኮረኮንች ላይ ከተሰነጠቀ ቱቦ የሚገባው አቧራ ፋሻን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይልጋል። ቫልቭ የተጣመመው ቺንጋ (ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው የጎማ ቀበቶ) ተበጥሶ ከሆነም ወሰኑ 100,000 ኪሎ ሜትር ነው፣ የተቀየረበት ቀን ኮፈኑ ውስጥ ይጻፍ። በጀሪካን የተገዛ ናፍጣም በጨርቅ ሳይሆን ውሃ በሚለይ ፊልትሮ ይለፍ፤ ፖምፓው የሚለሰልሰው በዚያው ናፍጣ ነው።

መሸጥ የሚገባው መኪና ሞተሩ ብቻ የሞተበት አይደለም። ሻንሲው ከባሌስትራው ማንጠልጠያ አካባቢ የተሰነጠቀ፣ ካምቢዮው የሚያለቅስ፣ ዲፈረንሻሉም የላላ ከሆነ አዲስ ልብ ቢገባለት ጭነት አይችልም። ሂሳቡ ሲሠራ ፍሪሲዮኑ፣ የውሃና የዘይት ፖምፓው፣ ቺንጋውና ተሸካሚው፣ የራዲያተር ጎማዎቹ፣ የኖዝሎቹ ፍተሻ፣ 6 ሊትር ያህል ዘይትና ኩላንቱ አብረው ይገቡ። ብዙ ሰው ግማሽ መንገድ ላይ ገንዘብ የሚያልቅበት እነዚህን ስለሚረሳ ነው። ድምሩ መኪናው ሲሠራ ከሚያወጣው ዋጋ ግማሽ ካለፈ ቆም ብላችሁ አስቡ።

ለሙያ አጋሮቻችን አንድ ልመና አለን። ለባለንብረቱ የአራቱን ሲሊንደር ኮምፕሬሽን፣ የሲሊንደሩን መበላት፣ የክራንክሻፍቱን ልክና የጓርኒሲዮኑን ፊደል በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ስጡት፣ የወጣውንም አሮጌ ዕቃ በከረጢት አስረክቡት። ባለንብረቶችም ወረቀቱ ሳይደርሳችሁ ቀብድ አትክፈሉ። ከተሠራ በኋላ ደግሞ የመጀመሪያውን 1,000 ኪሎ ሜትር በግማሽ ጭነት ንዱት፣ ዘይቱንም እዚያው ላይ ቀይሩት፤ የአባይን ዳገት በሙሉ ጭነት የምትወጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ከአክብሮት ጋር
የናፍጣ ሞተር ጠጋኞች
ደብረ ማርቆስ፣ ምሥራቅ ጎጃም