‘ሂሳብ’ እና ‘ሒሳብ’ ለፓይተን ሁለት ናቸው

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። የቴክኖሎጂ ገጻችሁ የዘወትር አንባቢ ነኝ። ስለ አዳዲስ ስልኮች፣ ስለ ሞባይል ገንዘብ፣ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ብዙ አስነብባችሁናል። አንድ ነገር ግን ሁሌ ይጎድለኛል። ይህ ሁሉ የሚሠራበት የኮድ ቋንቋ ራሱ ይቀየራል። ዝም ብሎም አይቀየርም። ሰዎች ይከራከሩበታል፣ ይኳረፉበታል፣ ድምፅ ይሰጡበታል። ክርክሩ በዝግ በር የሚካሄድ አይደለም። የፈለገ ገብቶ ያነባል፣ የፈለገ ሐሳቡን ይጽፋል። እኛ ግን ወሬውን የምንሰማው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ፓይተን የሚባለውን የኮድ ቋንቋ ለጀማሪዎች አስተምራለሁ። በቅርቡ ክፍል ውስጥ የገጠመንን ላስቀድም።

ከተማሪዎቼ አንዷ የእናቷን ሱቅ የቀን ሽያጭ የሚደምር ትንሽ ፕሮግራም ጻፈች። የቫሪያብሎቹን፣ ማለትም ዋጋ የሚያዝባቸውን መያዣዎች፣ ስም ያወጣችው በአማርኛ ነው። ፓይተን ይህን ይፈቅዳል። መጀመሪያ ‘ሂሳብ’ን ዜሮ አለችው። ከዚያ ሉፑ (ሥራውን የሚደጋግመው የኮድ ክፍል) ውስጥ እያንዳንዱን ዋጋ ስትደምርበት፣ ከእኩል ምልክቱ በስተግራ ‘ሒሳብ’ ብላ ጻፈች። በሐመሩ ሐ ማለት ነው። ፕሮግራሙ ያለ አንድ ኤረር ሮጠ። መልሱ ግን ዜሮ ሆነ። ዋጋዎቹን አየች፣ ሉፑን አየች፣ እንደገና ጻፈችው። ያው ዜሮ። እኔም አጠገቧ ቁጭ ብዬ ስፈልግ ቶሎ አልታየኝም። ዓይናችን ሁለቱንም አንድ ቃል አድርጎ ነው የሚያነበው። ለፓይተን ግን ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። አዲሱ ስም የመጨረሻውን ዋጋ ብቻ ይዞ ይቀራል። የመጀመሪያው ዜሮ ላይ እንደቆመ ነው።

ይህን የማነሳው ለመሳቅ አይደለም። ጉዳዩ ከ2007 ክርክር ጋር የተያያዘ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፓይተንን መቀየር የሚፈልግ ሰው ሐሳቡን በጽሑፍ ያቀርባል። ጽሑፉ ‘ፔፕ’ ይባላል፣ ቁጥርም ይሰጠዋል። ምን ይቀየር፣ ለምን፣ ሌላ ምን አማራጭ ነበር የሚለው እዚያ ይሰፍራል። ውድቅ የተደረገውም አይጣልም። ሌላ ሰው ያንኑ ሐሳብ ከዓመታት በኋላ ይዞ ቢመጣ፣ ያኔ ምን እንደተባለ ሄዶ ያነባል። ይህ አሠራር ከ2000 ጀምሮ አለ። እኔ በሥራዬ ብዙ ስብሰባ ተቀምጫለሁ። የተጣለ ሐሳብ ለምን እንደተጣለ ተጽፎ የተቀመጠበት ቦታ ግን ብዙ አላየሁም።

በ2007 ማርቲን ፎን ሎቪስ ፔፕ 3131ን አቀረቡ። እስከዚያ ድረስ በፓይተን ስም ማውጣት የሚቻለው በእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ነበር። እሳቸው ያሉት ቀላል ነው። በዓለም ላይ እንግሊዝኛ የማያውቅ፣ ፊደሉንም የማይለይ ኮድ የሚጽፍ ሰው ብዙ ነው። ለቫሪያብሉና ለፋንክሽኑ (ስም ተሰጥቶት ለሚጠራው የኮድ ክፍል) በራሱ ቋንቋ ስም ማውጣት ይቻለው። ተቃውሞው ግን ቀላል አልነበረም። በኪቦርዴ የማልጽፈውን ፊደል የያዘ ኮድ እንዴት ልጠቀም ያሉ ነበሩ። ካ ፒንግ ዪ የተባሉት ተከራካሪ ደግሞ ጠንከር ያለ ነገር አነሱ። ኮድን በዓይን አይቶ ማመን አይቻልም፣ የሚመሳሰሉ ፊደላት ሰውን ያታልላሉ አሉ። የላቲኑና የሩሲያው ‘ኤ’ በስክሪን ላይ አይለዩም፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት ናቸው። ፔፑ ጸደቀ። በዲሴምበር 2008 ከወጣው ከፓይተን 3.0 ጀምሮ ‘ሂሳብ’ ብሎ ቫሪያብል መሰየም ተቻለ። ከፓይተን ጋር አብሮ የሚመጣው ላይብረሪ (የተዘጋጀ ኮድ ስብስብ) ግን ስሞቹን በእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ እንዲይዝ ተወሰነ።

የእኛ ችግር ካ ፒንግ ዪ ካነሱት የተገላቢጦሽ ነው። ሀ እና ሐ በዓይን ይለያያሉ። በጆሮ ግን አንድ ናቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። ፓይተን ስሞችን ከማወዳደሩ በፊት አንዳንድ ፊደላትን ወደ አንድ ቅርጽ ያመጣል። ለምሳሌ በቻይናና በጃፓን ጽሑፍ ውስጥ የሚገኘውን ሰፊውን የላቲን ፊደል ከተለመደው ጋር አንድ ያደርገዋል። የእኛን ሞክሼ ፊደላት ግን አይነካቸውም።

ታዲያ አንድ ይደረጉ ብለን እንጠይቅ? ተማሪዎቼ ወዲያው አዎ አሉ። እኔ አይመስለኝም። በግዕዝ ‘ሠረቀ’ በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ወጣ፣ በራ ማለት ነው፤ ለፀሐይ ይባላል። ‘ሰረቀ’ በእሳቱ ሰ ሲሆን ያው የምናውቀው ሌብነት ነው። ትግርኛ ተናጋሪ ደግሞ ሀ እና ሐን በድምፅም ይለያቸዋል። አ እና ዐም ለእሱ ሁለት ድምፆች ናቸው። እኛ ‘ያው ነው’ ብለን ያስወሰንነው ነገር የጎረቤታችንን ቋንቋ ያበላሽ ነበር። ይህን አምስተርዳም ወይም ካሊፎርኒያ ያለ ሰው እንዲያውቅልን መጠበቅ አይገባም። ይህ የእኛ እውቀት ነው። ክርክሩ ላይ ይዘነው መቅረብ ያለብንም እኛ ነን።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። ‘፭’ን ለፓይተን ሰጥታችሁ ‘አሃዝ ነው ወይ?’ ብላችሁ ጠይቁት። አዎ ይላል። ‘እንግዲያው ወደ ቁጥር ቀይረው’ በሉት። ኤረር ያወጣል። የዓረብኛውን አምስት ብትሰጡት ግን ያለ ችግር ይቀይረዋል። መጀመሪያ ሳየው ተናድጄ ነበር። በኋላ ሳነብ ምክንያቱ ገባኝ። የግዕዝ አኃዝ ዜሮ የለውም። አሥር የራሱ ምልክት አለው፣ መቶም፣ እልፍም። የምልክቱ ዋጋ በቆመበት ቦታ የሚለወጥበት አሠራር ስላልሆነ፣ የዓለም ፊደላትን ለኮምፒውተር የሚመድበው ዩኒኮድም ከነዓረብኛው ጋር አልመደበውም። ፓይተን የተከተለው የዩኒኮድን ምደባ ነው። ምክንያቱ ተጽፎ ስላገኘሁት ንዴቴ በረደ። ፎርም ላይ ዕድሜውን በግዕዝ አኃዝ የሚሞላ ሰው ግን አሁንም ፕሮግራሙን ሊያቆመው ይችላል። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ‘አሃዝ ነው ወይ?’ በሚለው ፍተሻ ብቻ ከተማመነ ማለቴ ነው።

ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። ተናግሮ የሚሰማው ማን ነው የሚሉኝ ግን አሉ። ‘ትልልቆቹ ካምፓኒዎች ይወስናሉ፣ እኛ ምን እናመጣለን?’ ይሉኛል። ‘ጎ’ የሚባለውን ሌላ የኮድ ቋንቋ ታሪክ እነግራቸዋለሁ። ጎ የተወለደው ጉግል ውስጥ ነው። በጁን 2019 የቋንቋው አዘጋጆች ራሳቸው የኤረር አያያዝን የሚያሳጥር ‘ትራይ’ የሚባል ነገር እንጨምር አሉ። ተጠቃሚው ተነሳበት። ኮዱ የት ላይ እንደሚመለስ ይደብቅብናል የሚል በርካታ ዝርዝር ተቃውሞ ቀረበ። በጁላይ ሐሳቡን ራሳቸው ዘጉት። ያቀረቡት ሰዎች ስም ያላቸው፣ ቋንቋውን የፈጠሩ ሰዎች ነበሩ። ሆኖም ሰሙ።

አነጋገር ግን ዋጋ አለው። ይህን ከ2018 የፓይተን ጠብ በላይ የሚያሳይ የለም። ፔፕ 572 ‘:=’ የሚል አዲስ ምልክት አመጣ። በጎኑ ሲታይ ዓይንና ረጅም ጥርስ ስለሚመስል ዋልረስ በሚባለው የባሕር እንስሳ ስም ይጠሩታል። የሚሠራው ትንሽ ነገር ነው። ለቫሪያብል ዋጋ እየሰጡ፣ በዚያው መስመር ዋጋውን መፈተሽ ያስችላል። ተቃዋሚዎች ለጀማሪ ያስቸግራል፣ የፓይተንን ግልጽነት ያጠፋል አሉ። እኔም ከነሱ ጋር ነበርኩ። ‘=’ (ዋጋ መስጫ) እና ‘==’ን (እኩል ነው ወይ መጠየቂያ) ለማስለየት ሁለት ሳምንት የሚፈጅብኝ ሰው ሦስተኛ ሲመጣብኝ ደስ አይለኝም። ዛሬም የማስተምረው መጨረሻ ላይ ነው።

ክርክሩ ግን ከምልክቱ አልፎ ወደ ሰዎች ሄደ። ፓይተንን በ1989 መጨረሻ አምስተርዳም ውስጥ መጻፍ የጀመሩት ጊዶ ቫን ሮሰም የመጨረሻው ወሳኝ ነበሩ። ‘ቸሩ የዕድሜ ልክ አምባገነን’ የሚል ማዕረግ ነበራቸው። ፔፑን አጸደቁ። ከዚያ በጁላይ 12፣ 2018 ሥልጣናቸውን እንደሚተዉ ጻፉ። ለአንድ ፔፕ ይህን ያህል መታገል፣ ታግሎም ብዙ ሰው ውሳኔውን ሲጠላው ማየት ሰልችቷቸው ነበር። ተተኪም አልሾሙም። የወደፊቱን አሠራር እናንተው ወስኑ ብለው ተዉት። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ሥራ ላይ የነበረን ሰው ያደከመው የሁለት ምልክቶች ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሰው የሚያነጋግሩበት መንገድ ነው። ያኔ ምንም አልጻፍኩም፤ በሰፈር ግን ከጓደኞቼ ጋር እኔም ብዙ ክፉ ተናግሬያለሁ። ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ የሆነው ደግሞ ደስ ይለኛል። ቋንቋው አልተበተነም። ምን ዓይነት አስተዳደር ይኑረን ብለው ሰባት አማራጭ በጽሑፍ አቀረቡ። በዲሴምበር 2018 ዋናዎቹ አዘጋጆች ድምፅ ሰጡ። አምስት አባላት ያሉት ምክር ቤት ይምራ የሚለው አማራጭ አሸነፈ። ከአንድ መሥሪያ ቤት ከሁለት ሰው በላይ እዚያ መቀመጥ አይችልም። በመጀመሪያው ምክር ቤት ከአምስቱ አንዱ ራሳቸው ጊዶ ነበሩ።

ይህ ምክር ቤት ትልቁን ፈተና ያገኘው በ2023 ነው። ሳም ግሮስ በፔፕ 703 ‘ጊል’ የሚባለውን ቁልፍ የማንሳት ሐሳብ አቀረቡ። ጊል በአንድ ጊዜ አንድ የሥራ ክር (ጎን ለጎን ከሚሄዱት የፕሮግራሙ ሥራዎች አንዱ) ብቻ የፓይተን ኮድ እንዲያስኬድ የሚያደርግ ቁልፍ ነው። ማሽኑ ስምንት ኮር (የማስሊያ ክፍል) ቢኖረውም ሰባቱ ቆመው ያያሉ እንደማለት ነው። ቁልፉን ማንሳት ግን ተራውን ፕሮግራም ያዘገያል፣ የቆዩ ላይብረሪዎችንም ይነካል። ስለዚህ ክርክሩ በልኬት ሆነ። ስንት በመቶ ይዘገያል? የማን ኮድ ይሰበራል? ማን ይጠግነዋል? ምክር ቤቱ ሲቀበለውም በደረጃ አደረገው። ጉዳቱ ከበዛ ወደኋላ መመለስ እንደሚቻልም አስቀመጠ። በኦክቶበር 2024 በፓይተን 3.13 ለሙከራ ወጣ። ማንም እንዲጠቀምበት አይገደድም ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን የሰሙ ይመስለኛል።

ወደ እኛ ልመለስ። ተማሪዎቼ ስለ ሞክሼ ፊደላት አሁኑኑ ፔፕ እንጻፍ አሉኝ። መጀመሪያ ቋንቋው ሳይነካ የሚፈታ ከሆነ እንይ አልኳቸው። አንድ ፋይል ውስጥ በሞክሼ ፊደል ብቻ የሚለያዩ ሁለት ስሞች ካሉ የሚያስጠነቅቅ ትንሽ ፈታሽ ፕሮግራም በቂ ሊሆን ይችላል። ያም ሆነ ይህ ምሳሌዎቹ መሰብሰብ አለባቸው። የአማርኛው፣ የትግርኛው፣ የግዕዙ፣ እያንዳንዱ ከነትርጉሙ። ቢያንስ ለአንድ ፔፕ ማስረጃ ይሆናሉ። እስካሁን አርባ ገደማ ጥንድ ቃል ሰብስበናል። ክርክሩ በእንግሊዝኛ መሆኑ ያስፈራቸዋል። እውነት ነው፣ ያስፈራል። ግን የሚጠየቀው ያማረ እንግሊዝኛ አይደለም። የሚሮጥ ኮድና የተሳሳተ ውጤት ነው። ‘ሂሳብ’ ዜሮ ሆኖ ሲቀር የሚያሳዩ አምስት መስመሮች ለማንም ይገባሉ።

ከዝግጅት ክፍሉ የምጠይቀው ይህን ነው። አዲስ ፓይተን በየዓመቱ በኦክቶበር ይወጣል። አዲስ ነገር የሚገባበት በር ግን በሜይ ይዘጋል። ከዚያ በፊት፣ በየካቲትና በመጋቢት፣ ምን ሐሳብ ቀርቦ እንዳለ አንድ ገጽ ስጡን። ምን ተጠየቀ፣ ማን ተቃወመ፣ ለምን ተቃወመ። ለመጻፍ ፈቃደኛ የሆኑ ወጣቶች አውቃለሁ። ያለ ክፍያም ይጽፋሉ። የትግርኛና የግዕዝ መምህራን ዝርዝራችንን ቢያዩልን ደግሞ ትልቅ ውለታ ነው።

ተማሪዬ ፕሮግራሟን አስተካክላለች። እናቷ ማታ ማታ ሱቁን ሲዘጉ ይጠቀሙበታል። ቫሪያብሉን አሁን ‘ድምር’ ብላዋለች፤ ሞክሼ ፊደል የለበትም።

ከአክብሮት ጋር
የፓይተን አስተማሪ፣ ከአዲስ አበባ