ለደሴ ከተማ ትምህርት መምሪያ፦ ወንበር ላጣችው ልጅም በጀት ይድረሳት

ክቡር ኃላፊ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ሰኞ ገበያ አካባቢ ልብስ እሰፋለሁ። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ትልቁ በመንግሥት ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል ነው። ትንሿን ዘንድሮ ኦ ክላስ፣ ማለትም ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለውን የአንድ ዓመት ትምህርት፣ ላስመዘግባት ስሄድ «ሞልቷል» ተባልኩ። አልተቀየምኩም። በመስኮት አየሁት፣ አንድ ዴስክ ላይ አራት አራት ሆነው ተጣበዋል፣ የመምህሯ ድምፅ ተዘግቷል። ከዚያ የግል መዋዕለ ሕፃናት ጠየቅኩ። መመዝገቢያው፣ የወር ክፍያው፣ ዩኒፎርሙ ሲደመር ከቤት ኪራዬ በለጠ። አሁን ልጄ ሲንጀሬ ሥር ቁጭ ብላ ቁርጥራጭ ጨርቅ ስትለቅም ትውላለች።

እኔም በየዓመቱ ግብር እከፍላለሁ። መንግሥት ለአንድ ልጅ ብሎ የሚያወጣው ገንዘብ፣ ልጅቷ ወንበር ስላጣች ብቻ ለምን ይቀርባታል? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ ማኅበራዊ አገልግሎትን ሁሉም በእኩልነት የመጠቀም መብት አለው ይላል። አዲሱ የትምህርት ፖሊሲ ደግሞ ቅድመ አንደኛን ሁለት ዓመት አድርጎታል። ለአንዱ ዓመት ክፍል ከጠፋ ሁለተኛው የት ሊሆን ነው?

በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ። ያኔ አገሩ ሁሉ ስለ 12ኛ ክፍል ጮኸ። እኔ ግን ሀ ሁ ሳትለይ አንደኛ ክፍል የምትገባው ልጅ ነች የምታሳስበኝ።

ደሴ ደግሞ አማራጭ አጥታ አታውቅም። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ቄስ ትምህርት ቤት ነው። የልጅነት ጓደኛዬ መድረሳ ነበረች። አንደኛ ክፍል ስንገናኝ ሁለታችንም ቁጭ ብሎ መማርን ለምደን ነበር። ዛሬም በየሰፈሩ ክፍል ኖሯቸው የመምህር ደመወዝ ያቃታቸው ትንንሽ መዋዕለ ሕፃናት አሉ። የምጠይቀው ይህን ነው፦ ኦ ክላስ ሞልቶ ለተመለሰ የድሃ ልጅ፣ የልጁን ድርሻ ለእነዚህ ክፈሉላቸው። ገንዘቡ ለፊደል፣ ለቁጥርና ለጨዋታ እንጂ ለሃይማኖት ትምህርት አይሁን፣ እሱን ቤተሰብ ይሸፍናል።

ግን ልቅ አይሁን። ቺሊ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1981 ጀምሮ የመንግሥት ገንዘብ ልጁን ተከትሎ ወደ ግል ትምህርት ቤት እንዲሄድ አደረገች፣ ትምህርት ቤቶቹ ግን ልጅ እየመረጡ፣ በላዩም ክፍያ እየጨመሩ የሀብታምና የድሃ ልጅ ለየብቻው ሆነ፤ በዚያው በፈረንጆች አቆጣጠር በ2015 ይህን የሚያስቀር ሕግ ለማውጣት ተገደደች። እኛ ያንን ሁሉ ዓመት አንጠብቅ። ብሩን የሚወስድ ትምህርት ቤት ልጅ በፈተና አይምረጥ፣ አንድ ብርም አይጨምር፣ የተቀበላቸውን ልጆች ብዛት ቀበሌ ላይ ይለጥፍ።

ደግሞ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ጠመኔ ተነጥቆ አይሁን። የደሴው ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ስንቱን የድሃ ልጅ አስተምሯል! የ2014ቱ ጦርነት ጉዳት ያልሻረላቸው ትምህርት ቤቶችም አሉ። ለዚህ ራሱን የቻለ በጀት ይያዝለት፣ ካነሰ ከሁለትና ከሦስት ቀበሌ ይጀመር።

ክቡር ኃላፊ፣ ከነሐሴው ምዝገባ በፊት ወላጆችን ሰብስቡን። ልጄ መስከረም ላይ ሰባት ዓመት ይሞላታል። በቀጥታ አንደኛ ክፍል ግቢ ልትባል ነው።

አንዲት የሰኞ ገበያ እናት
ደሴ