ለልጄ፦ ስለ አሰልጣኝነቱ ጥያቄ

ፍራንክፈርት

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ክለብህ ከሚመጣው የውድድር ዘመን ጀምሮ በትርፍ ጊዜህ አሰልጣኝ እንድትሆን እንደጠየቀህና አንተም ገና መልስ እንዳልሰጠህ እናትህ ነገረችኝ። የእኔ ሐሳብ እንድትቀበል ነው። ከቀረቡልህ ከሁለቱ ግን የዋናውን ቡድን ረዳትነት ትተህ ከ9 ዓመት በታች ያሉትን ልጆች ብትይዝ እመርጣለሁ።

አንተ የምትጫወትበት የሄሰን ክፍለ ሀገር ፌርባንድስሊጋ ከጀርመን ከፍተኛ ሊግ ከቡንደስሊጋ ቁልቁል ሲቆጠር 6ኛው እርከን ነው። ቀን የሰው ቤት መብራት ስትዘረጋ ውለህ፣ ሲመሽ ለልምምድ ሜዳ ላይ ተገኝተህ፣ እሑድ ደግሞ ለዚያች ከተማ ማልያ ስትሮጥ ይኸው ስንት ዓመት ሆነህ። ጉልበትህን እየጎዳህ ያገለገልክበትን ሜዳ በሌላ መልክ ማገልገልን እንደ ውርደት የሚቆጥሩ ጓደኞች ካሉህ፣ የአሰልጣኙን የፍራንክ ሽሚትን ታሪክ ንገራቸው። ሽሚት እ.ኤ.አ. በ2007 በትውልድ ከተማው በሃይደንሃይም መጫወቱን እንዳቆመ፣ ያን ጊዜ 4ኛ እርከን በነበረው ኦበርሊጋ ቡድኑን ለሁለት ጨዋታ ብቻ እንዲይዝላቸው ጠየቁት። እሱም በ2009 ወደ 3ኛው ሊግ፣ በ2014 ወደ ሁለተኛው ቡንደስሊጋ፣ በ2023 ደግሞ በመጨረሻው ዕለት ሬገንስበርግ ላይ በባለሜዳው ቡድን 2 ለ 0 ከተመሩ በኋላ በባከነ ሰዓት ግብ 3 ለ 2 አሸንፈው ወደ ቡንደስሊጋ አወጣቸው። ይህን የማነሣው አንተም እዚያ ትደርሳለህ ብዬ አይደለም፤ ሰውየው በሚያውቀው ሜዳና በሚያውቁት ሰዎች መካከል ሆኖ መሥራቱን ስለማከብርለት ነው።

ልጆቹን እንድትይዝ የምመክርህ ግን በዓይኔ ካየሁት ተነሥቼ ነው። ባለፈው ጸደይ አሰልጣኛቸው ቀርቶ አንተ ተክተኸው ስትገባ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ነበር። አንድ ልጅ የማልያውን እጅጌ እያኘከ ከግቡ ቋሚ አጠገብ ተገትሮ ቀረ፤ አንተም ተንበርክከህ የጫማውን ክር አሰርህለትና አንድ ነገር ብለኸው ተነሣህ። ምን እንዳልከው አልሰማሁም፤ ከዚያ በኋላ ግን ኳስ ስጡኝ እያለ ሲጮህ ሰማሁት። እንዲህ ያለውን ነገር ማንም ኮርስ አያስተምርም።

ጊዜውም ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። የጀርመን እግር ኳስ ፌዴሬሽን ከ2024/25 የውድድር ዘመን ጀምሮ ትንንሾቹ ልጆች በጠባብ ሜዳ፣ ሦስት ለሦስት ሆነው በአራት ትንንሽ ግቦች የሚጫወቱበትን አሠራር በአገሩ ሁሉ አስገዳጅ አድርጓል፤ የደረጃ ሠንጠረዥም የላቸውም። ነባር የኳስ ሰዎች ውድድር ጠፋ ብለው ሲያማርሩ እሰማለሁ፤ እኔ ግን ለውጡን ከልቤ እደግፈዋለሁ፤ ምክንያቱም በትልቁ ሜዳ ፈጣኑ ልጅ ኳሱን ይዞ ሲውል ሌላው ሳይነካት ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። ችግርህ ከልጆቹ ይልቅ ከመስመሩ ዳር እየጮሁ ትእዛዝ ከሚሰጡ ወላጆች እንደሚመጣ ከአሁኑ እወቅ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ሰብስበህ በትሕትና፣ ነገር ግን በማያሻማ ቃል ንገራቸው።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልልህም። መንግሥት ለእንዲህ ያለ የትርፍ ጊዜ አሰልጣኝ ከግብር ነፃ ያደረገው ገቢ በ2026 በዓመት ወደ 3,300 ዩሮ ከፍ ብሏል፤ ክለብህ ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ እንደሚከፍልህ እገምታለሁ። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ሥራህን እንዳትነካ፤ የልምምዱን ሰዓትም ከአሠሪህ ጋር አስቀድመህ ተስማማበት። መጫወቱንም ሐኪሙ እስከፈቀደልህ ድረስ አትተው።

ከሁሉ አስቀድመህ ግን ለሲ ደረጃ የአሰልጣኝነት ፈቃድ ተመዝገብ። ፈቃዱ በየ3 ዓመቱ ተጨማሪ ሥልጠና እየተወሰደ የሚታደስ ስለሆነ፣ ጀምረህ የምትተወው እንዳይሆን ከባለቤትህ ጋር ተመካከርበት። የኮርሱን ክፍያ ክለቡ የማይሸፍን ከሆነ እኔ እከፍላለሁ፤ ሒሳቡን ላክልኝ።

አባትህ