አራት ልጆች ይዘሽ ስትሄጂ

ሱሉልታ፣ ሰኔ 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ክረምቱ ዘንድሮ ቀድሞ ገብቷል፤ ሜዳው ሁሉ ውሃ ቋጥሯል፣ ጠዋት ጠዋት ጉሙ እስኪገፈፍ ድረስ የጎረቤት አጥር እንኳ አይታይም። አባትሽ ሰላም ብሎሻል፤ ወፍራም ሹራብ እንዳትረሺ ንገሪልኝ ብሏል።

ከየአገሩ ልጆች ለሚሰበሰቡበት ካምፕ የልጆቻችን መሪ ሆነሽ መመረጥሽን ከነገርሽኝ ወዲህ የምነግርሽ ነገር እየበዛብኝ በስልክ የሚያልቅ አልሆነም። ለዚህ ነው የጻፍኩልሽ። አራት የ11 ዓመት ልጆች፣ ሁለት ሴት ሁለት ወንድ፣ ከእናት ከአባታቸው ተለይተው ኖርዌይ ውስጥ አራት ሳምንት ሊያድሩ ነው። ከየአገሩ የመጣ ልጅ አብሯቸው ይኖራል፤ ከቤታቸው ሰው የሚሏት ግን አንቺን ብቻ ነው። ደመወዝ የለውም፣ የምትሰጪው የዓመት ፈቃድሽን ነው። ይህን ስለመረጥሽ ኮርቼብሻለሁ።

የዚህ ዓይነቱን ካምፕ የጀመሩት ዶሪስ አለን የሚባሉ አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ ናቸው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካለቀ በኋላ፣ ሰላም የሚሠራው ከልጆች ተነሥቶ ነው ብለው ተነሡ፤ የመጀመሪያው ካምፕም በ1951 እ.ኤ.አ. በሲንሲናቲ፣ ኦሃዮ ተካሄደ። የ11 ዓመት ልጆችን የመረጡት አስበውበት ነው። በዚህ ዕድሜ ልጅ የቤቱን ወግ ይዟል፤ ሌላውን መፍራትና መናቅ ግን ገና አልሠረጸበትም። ብዙ ዓመት አምስተኛ ክፍል ያስተማርኩ ስለሆንኩ በዚህ ነገር እኔን ማስረዳት አያስፈልግም። ስድስተኛ ክፍል ሲገቡ መለያየት ይጀምራሉ፣ ሰባተኛ ላይ ደግሞ ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ አስቀድሞ ተወስኖ ያልቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ልጆቹን አምባሳደር አታድርጊያቸው።

ባለፈው ወላጆቹ እኛ ግቢ በተሰበሰቡ ጊዜ አንቺ ከእናቶቹ ጋር ስለ ፓስፖርትና ስለ ውክልናው ወረቀት ስታወሪ፣ እኔ የትንሹን ልጅ አባት እያዳመጥኩ ነበር። ልጁን ትከሻውን ይዞ፣ «አገርህን ወክለህ ነው የምትሄደው፣ እንዳታሳፍረን» አለው። ሰውየው ከፍቅርና ከኩራት ነው የተናገረው፣ አልፈርድበትም። ልጁ ግን እየበላ የነበረውን ዳቦ ሳህኑ ላይ መልሶ አስቀመጠው፤ ከዚያ በኋላ አልነካውም።

ይህን ሸክም የያዘ ልጅ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፤ በመምህርነት ዘመኔ እኔም ተማሪዎች ይዤ እንዲህ ያለ ካምፕ ሄጃለሁና። ሆዱን ሲያመው አይናገርም። ቤቱ ሲናፍቀው አያለቅስም። የማይችለውን ነገር እችላለሁ ይላል። ጎበዝ ልጅ ነው ተብሎ ይመሰገናል፣ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። እዚያ ቦታ አዋቂ የሚያስፈልገው ለዚህ ልጅ ነው ልጄ። ጨዋታውን የሚመሩ፣ ዘፈኑን የሚያስጀምሩ ወጣቶች አሉ፤ 16 እና 17 ዓመት የሆናቸው ረዳቶችም ከየአገሩ ይመጣሉ፣ ጉልበታቸውም አያልቅም። አንቺ የምትሄጂው ዝም ያለውን ለማየት ነው።

መጀመሪያ የሚታይሽ ምግብ ላይ ነው። እኔ ይዣት የሄድኩ አንዲት ልጅ ገበታ በቀረበ ቁጥር «ጠግቤያለሁ» ትል ነበር። እኛ ቤት ቢሆን ማን ይሰማታል? «ብዪ እንጂ፣ በሞቴ» ትባላለች፣ ትግደረደራለች፣ በመጨረሻም ትበላለች። እዚያ ግን አንድ ጊዜ ይጠየቃል፣ አይ ካለች ሳህኑ ይነሣል፤ ያነሡትም ቃሏን አክብረው ነው። ልጅቷ ግን እየተራበች ነበር። አጠገቧ እየተቀመጥኩ ሳልጠይቃት መሀል ላይ ዳቦና ፍራፍሬ ማስቀመጥ ጀመርኩ፤ እጇ ቀስ በቀስ ደፈረ። አንቺ ይህን ከመሄዳችሁ በፊት ንገሪያቸው፦ እዚያ ሲጠየቁ ቶሎ እሺ ማለት ስግብግብነት አይደለም፣ ሲጎድልም ጨምሩልኝ ይባላል። ረቡዕና ዓርብ የሚጾሙት ሁለቱ ልጆች ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና ዓሣ የሌለበት ምግብ እንደሚፈልጉ፣ የሙስሊሟ ልጅ ደግሞ ሐላል እንደምትበላ ፎርሙ ላይ ሞልተሻል፤ ቢሆንም በደረሳችሁበት ቀን ወጥ ቤት ገብተሽ ራስሽ ንገሪያቸው። ፎርም የሚያነበው ሰውና ድስት የሚያማስለው ሰው አንድ ላይሆኑ ይችላሉ።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ውሃው ነው። ኖርዌይ የሐይቅና የባሕር አገር ናት፣ ዋና በትምህርት ቤት ይሰጣል፤ የእነሱ የ11 ዓመት ልጅ ውሃ ውስጥ መግባትን እንደ ተራ ነገር ነው የሚያየው። የእኛዎቹ የሚያውቁት በክረምት ወንዝ ሲሞላ ራቁ መባልን ነው። ወንዶቹን «ዋና ትችላላችሁ?» ብለሽ ብትጠይቂያቸው ሁለቱም እንችላለን ይሉሻል። ስለዚህ አትጠይቂ፣ እይ። ሌላው ልጅ ሳይገባ፣ ወገባቸው ድረስ በማይደርስ ውሃ፣ ነፍስ አድን ሠራተኛው ባለበት እንዲሞክሩ አድርጊ። መንሳፈፊያ ጃኬት ያስፈልጋቸዋል ካልሽ ያስፈልጋቸዋል፤ ያፍራሉ ብለሽ አትተዪው። ሰዉ ሁሉ ምንም አይሆኑም ቢልሽም፣ ልብሽ ካልፈቀደ አይገቡም በይ። እዚያ ላይ ይሉኝታሽን ሱሉልታ ጥለሽው ሂጂ።

ናፍቆት የሚመጣው ማታ ነው። በሐምሌ መጀመሪያ ኦስሎ አካባቢ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል አልፎ ነው፤ እዚህ 1 ሰዓት ሲል ጨለማ የለመደ ልጅ ብርሃን እያየ ተኛ ሲባል ይጨንቀዋል። አንዱ ሲያለቅስ ወዲያው ስልክ አንሥተሽ እናቱን አታገናኚው። የእናት ድምፅ በዚያ ሰዓት ልቅሶውን ያባብሰዋል፣ እናትየውም እዚህ ሆና እንቅልፍ ታጣለች። አጠገቡ ተቀመጪ። ስለ ቤቱ ይንገርሽ፣ ስለ ላማቸው፣ ስለ ታናሽ እህቱ። ጠዋት ሲነቃ ኳስ ሜዳ ላይ ታገኚዋለሽ። አልጋውን ያረጠበ ካለ ደግሞ፣ በ11 ዓመትም ያጋጥማል፣ ማንም ሳያይ አንሶላውን ቀይሪና ስለ ነገሩ አንድም ቃል አትናገሪ።

ስትቀመጪ ግን በሩ ክፍት ይሁን፤ ወይም ሌላ አዋቂ በሚያይሽ ቦታ ሁኚ። ከአንድ ልጅ ጋር ብቻሽን ተዘግቶ መቀመጥ እንዲህ ባሉ ካምፖች አይፈቀድም፤ ስካውት በሚባለው የወጣቶች ማኅበርም ዘንድ ደንቡ ይኸው ነው። እዚህ ትልቅ ሰው ልጅ ይዞ ወደ ክፍል ቢገባ ጠያቂ የለውም። እዚያ ይጠየቃል፣ መጠየቁም ልክ ነው፣ እኛም ዘንድ ሊለመድ የሚገባው ነገር ነው እላለሁ። እንደ ጥርጣሬ አትቁጠሪው። ልጁንም አንቺንም የሚጠብቅ ደንብ ነው።

ስለ መድኃኒቱ እንዳልረሳ። አስም ያለበት ልጅ እናት ወረቀቱ ላይ የጻፈችው «ጠዋት 2 ሰዓት፣ ማታ 2 ሰዓት» ብላ ነው። የካምፑ ነርስ ይህን ስታነብ አንዱን ሌሊት፣ ሌላውን ከምሳ በኋላ ታደርገዋለች። በእነሱ አቆጣጠር 8 ሰዓትና 20 ሰዓት ብለሽ አስተካክለሽ ጻፊ፣ የሚነፋውንም መድኃኒት በእጅ ሻንጣሽ ያዢው። የልደት ቀናቸውም ፎርሙ ላይ እንደ ፓስፖርቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ይሁን።

ከአራቱ መካከል የቦሌዋ ልጅ እንግሊዝኛዋ ውሃ ነው። ሳታስቢው ለሁሉም አፍ ትሆናለች፤ አንቺም ሲደክምሽ «እስኪ ንገሪያቸው» ትያታለሽ። አታድርጊው። እሷም አስተርጓሚ ሆና ልጅነቷ ያልፋታል፣ የእኛ ሰፈሩ ልጅም አፉን ሳይከፍት ይመለሳል። እሱ በኦሮምኛም በአማርኛም ቀልደኛ ልጅ ነው፤ እንግሊዝኛ ጎደለው ተብሎ እንደ ሰነፍ መታየት የለበትም። በእጁ እያሳየ፣ ሰዋስው እያፈረሰ ይናገር። ደግሞ ልጆቹ እዚያ ዕቃ ይለዋወጣሉ፤ ከናቴራ፣ የእጅ አምባር፣ ዓርማ። ከሽሮ ሜዳ ለአራቱም እኩል እኩል ግዢላቸው፣ ለብቻቸው ገዝተው እንዳይመጡም ለወላጆቹ ንገሪ። አንደኛዋ ሻንጣ ሙሉ፣ ሌላው ባዶ እጁን ከሆነ መለያየቱ ከመካከላቸው ይጀምራል።

እያንዳንዱ አገር ራሱን የሚያሳይበት ምሽት ይኖራል። ወላጆቹ የአድዋን ታሪክ፣ ላሊበላን፣ ሉሲን፣ የቡናውን ሥርዓት ሁሉ በዚያች ማታ አቅርቡ ሲሉሽ ሰምቻለሁ። ፍላጎታቸው ይገባኛል፤ ግን አሥራ አንድ ዓመት የሞላው ልጅ ሌላ አሥራ አንድ ዓመት የሞላው ልጅ ሲያስተምረው አይወድም። ለምን እንቆቅልሽ አያጫውቷቸውም? ያልመለሰው «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ የጃፓኑ ልጅ ቶኪዮን ይሰጣል፣ የብራዚሏ ልጅ ሪዮን ትሰጣለች፣ የእኛው ልጅም ሲሸነፍ ሱሉልታን ይሰጣል። አገር ተቀባዩ ደግሞ ሄዶ ሄዶ ምን እንዳገኘ ያወራል። ከዚህ በላይ ለእንዲህ ያለ ቦታ የሚሆን ጨዋታ አላውቅም። ከዚያ እስክስታ ይከተል፣ የፈለገ ይጨፍር፤ ያልፈለገውን ልጅ ግን ለፎቶ ብላችሁ መድረክ ላይ አትጎትቱት።

«አገራችሁ ምግብ አለ ወይ?» የሚል ልጅም ያጋጥማቸው ይሆናል። ልጁ ክፉ አይደለም፣ ከቤቱ የሰማውን ነው የሚጠይቅ። ቶሎ ብለሽ ገብተሽ አትመልሺ፣ ትምህርትም አትስጪ። ልጃችን የፈለገውን ይመልስ፤ ማታ ግን ምን ተሰማህ ብለሽ ጠይቂው፣ እስኪጨርስም ስሚው።

አንቺ ራስሽ ይደክምሻል። ልጆቹ ከተኙ በኋላ የመሪዎች ስብሰባ አለ፣ እኩለ ሌሊት ያልፋል፣ ከየአገሩ የመጣ አዋቂ ስለ ልጅ አስተዳደግ አይስማማም። አንዱ መቅጣት ይላል፣ ሌላዋ መተው ትላለች። ያመንሽበትን ተናገሪ። ዕቅድ ሲፈርስ ደግሞ ያኔ ነው የምትፈለጊው። በ2023 እ.ኤ.አ. ደቡብ ኮሪያ በተደረገው ጃምቦሬ በሚባለው የዓለም ስካውቶች ትልቅ ካምፕ ከ40 ሺህ በላይ ሰው ሰፍሮ ሳለ በሙቀቱ ብዙ ልጅ ታመመ፣ በላዩ ላይ አውሎ ነፋስ መጣና ሰፈሩ ሁሉ ሳይጨርስ ተነሣ። ስካውቶች ወደ ጃምቦሬ ሲሄዱ ለ36 ልጅ 4 አዋቂ ነው የሚመደበው። የተጻፈው ፕሮግራም ከንቱ በሆነበት ሰዓት፣ የትኛው ልጅ ውሃ መጠጣት እንደሚረሳ፣ የትኛው ሲፈራ እንደሚስቅ የሚያውቅ አዋቂ ያለው ቡድን የተሻለ ያልፈዋል። የአንቺ አራት ብቻ ናቸው፤ አራቱን ጠንቅቀሽ ለማወቅ ጊዜ አለሽ።

ለዚህም ነው ቅዳሜ ልጆቹን ይዘሽ እንድትመጪ የምፈልገው። ወላጆቹ አድርሰዋቸው ይመለሱ፣ አራቱ እኛ ግቢ ይደሩ። ዝናቡ ካቆመ ድንኳኑን እንተክላለን፣ ካላቆመም ሳሎኑ ይበቃል። ሁለተኛዋ አዋቂ እኔ እሆናለሁ። ማን ማታ እንደሚከፋው፣ ማን ሳይጠየቅ እንደማይበላ እዚሁ እንየው።

የትንሹን ልጅ አባት ለእኔ ተዪልኝ። እሑድ ልጁን ሊወስድ ሲመጣ ቡና አፍልቼ አቆየዋለሁ። ልጁ እየሰማ፣ «ሄደህ ተጫወት፣ ካመመህም ለእሷ ንገራት» እንዲለው እለምነዋለሁ። ከእሱ አፍ ካልወጣ ልጁ አያምንም።

እናትሽ