ብስክሌት የማንችለውንም አስቡን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ብስክሌት ያወጣችሁትን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ለልብ ጥሩ ነው፣ ነዳጅ አይጠጣም፣ ጭስ የለውም። ሁሉም እውነት ነው። ቅር ያለኝ አንድ ቦታ ላይ ነው። ጸሐፊው "መንዳቱን መቼም ሁላችንም በልጅነታችን ተምረነዋል" ብለው አለፉት። ሁላችንም? እኔ አልተማርኩም። እንደኔ ያልተማሩ፣ ግን ትንፍሽ የማይሉ ብዙ ሰዎች እንዳሉ ደግሞ አሁን አሁን እየገባኝ ነው።

51 ዓመቴ ነው። ፊዚክስ አስተምራለሁ። ልጅ ሳለሁ ቤታችን የነበረችው አንዲት ብስክሌት የወንድሞቼ ነበረች። የእኔ ቦታ ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛው ላይ ነው። ሰው ካደገ በኋላ "አልችልም" ከማለት "አልወድም" ማለት ይቀለዋል። እኔም አልወድም እያልኩ ሠላሳ ዓመት ቆየሁ።

ይባስ ብሎ ከእነዚያ ዓመታት ሃያ አራቱን ብስክሌት ለምን እንደማይወድቅ ሰሌዳ ላይ እየሳልኩ አስተምር ነበር። ጎማው ሲሽከረከር እንደ ጂሮስኮፕ፣ ማለትም በፍጥነት እየተሽከረከረ አቅጣጫውን እንደማይለቅ መሣሪያ፣ ሆኖ ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል፣ እል ነበር። አንድ ጊዜ አንድ ተማሪ "ቲቸር፣ እርስዎ ይነዳሉ?" አለኝ። "ከትምህርቱ ጋር የማይገናኝ ጥያቄ አትጠይቅ" ብዬ አስቀመጥኩት። ልጁ የትም ይሁን የት፣ ይቅርታ።

ከአምስት ወር በፊት ጉልበቴን ያየልኝ ሐኪም "ሩጫው ይቅርብዎ፣ ብስክሌት ይንዱ" አለኝ። እሱም እንደ እናንተ ነው፣ ይችላሉ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። አፍሬ "እሺ" ብዬ ወጣሁ። ያገለገለ ብስክሌት ገዛሁ።

መጀመሪያ ያደረግነው ሁሉም ሰው የሚያደርገውን ነው። ባለቤቴ ኮርቻውን ከኋላ ይዞ ይሮጣል፣ እኔ ላዩ ላይ ሆኜ "እንዳትለቀኝ!" እያልኩ እጮኻለሁ። ሲለቀኝ እወድቃለሁ። ሳይለቀኝ ደግሞ እኔ ሳልሆን እሱ ነው የሚነዳው። በአራተኛው ቀን እኔ መዳፌ ተላጠ፣ እሱ ወገቡን ያዘው። ሁለታችንም "ዕድሜ ነው" አልን። ዕድሜ አልነበረም።

ያዳነችኝ የእህቴ ልጅ ናት። 11 ዓመቷ ነው። አንድ ቅዳሜ ቆማ ስታየን ቆየችና "አክስቴ፣ ለምን ፔዳሉን አታወጪውም? ሕፃናት እኮ ፔዳል በሌለው ነው የሚለምዱት" አለችኝ። ባለቤቴ ሳቀ። እኔ ግን መፍቻ አመጣሁ።

የቀኙ ፔዳል ቶሎ ተፈታ። ከግራው ጋር ግማሽ ሰዓት ታገልኩ። ላብ በላብ ሆኜ መፍቻው ላይ እስከ መቆም ደረስኩ፣ ንቅንቅ የለም። ለካ እያጠበቅኩት ነው! የግራው ፔዳል ጥርሱ ተገላቢጦሽ ነው፤ ሲነዳ በገዛ ራሱ ተፈትቶ እንዳይወጣ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ሌላው ብሎን በሚጠብቅበት አቅጣጫ ሲዞር ነው የሚፈታው። ይህን ለማወቅ የፊዚክስ ዲግሪ አልረዳኝም።

ፔዳሎቹ ከወጡ በኋላ ኮርቻውን ሁለቱም እግሮቼ ሙሉ በሙሉ መሬት እስኪረግጡ ዝቅ አደረግነው። መውደቅ ቀረ። ሰው ተቀምጦ እንደሚራመድ አስቡት። ለጥ ያለ አስፋልት ሜዳ ላይ መጀመሪያ ተራመድኩ፣ ከዚያ እርምጃዬን አስረዘምኩ፣ ከዚያ በእግሬ ገፋ አድርጌ ሁለቱንም እግሮቼን አነሳሁ። እስከ ሦስት ቆጠርኩ። በሦስተኛው ቀን ትንሽ ዘንበል ያለ መንገድ ላይ እስከ አሥራ ሁለት ደረስኩ። የእህቴ ልጅ አጨበጨበችልኝ። ብቻዬን ብሆን ኖሮ አለቅስ ነበር።

በኋላ ሳስበው የሰው ልጅም የተማረው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። ጀርመናዊው ካርል ፎን ድራይስ እ.ኤ.አ. በ1817 ከማንሃይም የወጣባት ባለ ሁለት ጎማ ማሽን ፔዳል አልነበራትም። በእግሩ መሬቱን እየገፋ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ደርሶ መልስ ሄዷል። ፔዳል የመጣው ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እኛ ግን ጀማሪውን መሪ ያዝ፣ ፔዳል ምታ፣ ሚዛን ጠብቅ፣ ወደፊት እይ እንለዋለን። ሁሉንም ባንዴ!

አሁን ወደ ሰሌዳው ልመለስ። ብስክሌት ላይ ሆኜ የተማርኩት ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ከኖርኩት ጋር አልገጥም አለኝ። ብስክሌቱ ወደ ግራ ሲያጋድል መሪው መዞር ያለበት ወደ ግራ ነው። ፍርሃት ግን ወደ ቀኝ ጎትተሽ አቅኚው ይላል፤ እሱን የሰማሁ ዕለት ሁሉ ወድቄያለሁ። የመጥረጊያ እንጨት መዳፍ ላይ አቁማችሁ ታውቁ እንደሆነ፣ ነገሩ ያው ነው። እንጨቱ ወደወደቀበት አቅጣጫ እጃችሁን ትልካላችሁ፣ ከሥሩ ትገቡለታላችሁ። ብስክሌትም መሪው ወደ መውደቂያው ሲዞር ጎማዎቹ ከሰውነታችሁ ሥር ተመልሰው ይገባሉ። ቀስ ብሎ መሄድ የሚከብደውም ለዚህ ነው። ፈጠን ካሉ ትንሽ መሪ ነካ ማድረግ ይበቃል፣ ካዘገሙ ብዙ መጠምዘዝ ያስፈልጋል። እኔ ደግሞ እፈራ ስለነበር አዘግም ነበር።

ባለቤቴ ኮርቻውን ሲይዝልኝ ያልለመድኩትም ለዚህ ነው። ብስክሌቱ ስለማያጋድል እጄ የሚያርመው ነገር አልነበረም።

የጂሮስኮፑን ነገር ፈለግኩት። እ.ኤ.አ. በ2011 ከኔዘርላንድስ የዴልፍት እና ከአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሉበት ቡድን ትንሽ፣ ሰው የማይቀመጥባት ብስክሌት ሠርቶ ነበር። በተቃራኒ የሚሽከረከሩ ተጨማሪ ጎማዎች ገጥመው የጂሮስኮፑን ጉልበት አጣፉት። በቂ ፍጥነት ሰጥተው ሲለቋት ግን አልወደቀችም፤ ስታጋድል ራሷ መሪዋን ወደዚያው እያዞረች ቀጥ ብላ ሄደች። ጂሮስኮፕ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፣ በተራ ብስክሌት ላይ የራሱ ድርሻ አለው። ያለ እሱ ግን አይሆንም ማለቴ ስህተት ነበር። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ።

ፔዳሎቹን በሁለተኛው ሳምንት መለስናቸው። አንዱን ፔዳል ከፊት ከፍ አድርጎ፣ በሰዓት ቆጣሪ ሁለት ቁጥር ላይ አስቀምጦ መጀመር ነው። መጀመሪያው ረገጣ ላይ ጉልበት ስለሚሰጥ መንገዳገዱ ይቀንሳል። ቆሻሻ መጣያ በርሜልን ሁለት ጊዜ ገጭቻለሁ። አትምቺው እያልኩ ትኩር ብዬ ስለማየው ነው፤ መሪው ዓይን ያረፈበት ይሄዳል። አንዴ ደግሞ ደንግጬ የፊቱን ፍሬን ብቻ ሙጭጭ አድርጌ ያዝኩትና የኋላው ጎማ ተነሳብኝ። ይሄንን እንኳ አስተምሬዋለሁ፣ ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት እንደሚሄድ። አሁን ሁለቱንም ነው የምይዘው፣ ቀስ አድርጌ።

"በዚህ ዕድሜ?" ለሚሉኝ ዘመዶቼ ሩሲያዊውን ደራሲ ቶልስቶይን እጠቅስላቸዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1895፣ 67 ዓመት ሊሞላው ሲል ነው የተማረው። የመጨረሻ ልጁን በቀበረ በጥቂት ወራት ውስጥ። ይህን ስነግራቸው ዝም ይላሉ።

ከእናንተ የምፈልገው ብዙ አይደለም። በሚቀጥለው ጊዜ "ብስክሌት ንዱ" ብላችሁ ስትጽፉ አንድ አንቀጽ ለእኛ ጨምሩልን። ፔዳሉ ይውጣ፣ ኮርቻው ይውረድ፣ ከኋላ የሚይዘው ሰው ይቀመጥ በሉ። ስለ ሄልሜት አትርሱ። የግራውን ፔዳል ነገርም እባካችሁ ጻፉት፣ ሌላ ሰው ወገቡን እንዳይሰብር።

እኔ እስካሁን አንድ እጄን ለቅቄ ምልክት ማሳየት አልቻልኩም። ስለዚህ መኪና ያለበት መንገድ አልወጣም፤ ሜዳው ላይ እዞራለሁ፣ ያውም ወደ ቀኝ ብቻ። ግራው ይቀረኛል።

ስሜን ባታወጡት ደስ ይለኛል። ተማሪዎቼ ጋዜጣችሁን ያነባሉ፣ የጂሮስኮፑን ነገር ደግሞ ገና አልነገርኳቸውም። ለሰኞ ይዤዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የፊዚክስ መምህርት